ሳትበላ የከበደች ልጅ

አስታማሚ የሌለው በሽተኛ አልጋ የለውም። ሕጉ ከወጣ ዓመታት ስላለፉት ማንም አያጉረመርምበትም። ከኮምቦልቻ በላይ፣ ኮረብታው ላይ የተሠራውን የሳንባ ሕሙማን ማቆያ የከተማው ሰው ሚዛን ቤት ይለዋል፤ አልጋዎቹ ይመዝናሉና። በሽተኛው በደም ሥሩ የገባለትን፣ የሸናውን፣ ያላበውን፣ ሌላው ቀርቶ ከትንፋሹ ጋር የወጣውን እርጥበት ይመዝናሉ። ከዚያ ምን ያህል ውኃ እንደሚጨመርለት፣ ምን ያህልስ እንደሚቀነስለት ይወስናሉ። ቤቱ ሲመረቅ “ከእንግዲህ ሰው በግምት አይሞትም” ተብሎ ነበር።

ወይዘሮ ኤልዳና ሽፈራው የዚህን ቤት በር በየማለዳው በባዶ እጃቸው ያልፋሉ። በሩ የሚያሸተው ውኃና ምግብ ነው። ድሮ በሽተኛ ሲጠየቅ አጥሚት በፔርሙስ፣ ብርቱካን በፌስታል ይያዝ ነበር፤ አሁን ምንም ሳይዙ መግባት ጨዋነት ሆኗል። የቤት ልብስን አውልቆ፣ የማቆያውን ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ አረንጓዴ የምታበራ አምባር ክንድ ላይ አስሮ መግባት ነው። አምባሯ አረንጓዴ እስከሆነች ድረስ በሩ ይከፈታል፤ አልጋውም የበሽተኛው ነው።

የእሳቸው በሽተኛ የልጅ ልጃቸው አስካለ ናት። በወይዘሮ ኤልዳና ዘመን ወላጆች ለልጆቻቸው ኤልዳና፣ ሄመን፣ ሶልያና እያሉ ስም ያወጡ ነበር፤ የአሁኖቹ ደግሞ ወደ አስካለና ትርንጎ ተመልሰዋል። አስካለ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። ትንሽ ሳል ብላ ችላ ያለችው ነገር የሳንባ ምች ሆነና ሁለቱንም ሳንባዋን አረጠበው። አሁን ማሽን ይተነፍስላታል፤ በሰመመን ተኝታለች። እናትና አባቷ ሰመራ በረሃ፣ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ውስጥ ናቸው፤ የፈቃድ ጥያቄያቸው ገና መልስ አላገኘም። “እማ፣ አደራ፣ ከአጠገቧ እንዳትጠፊ” ብላለች እናትየዋ በስልክ። መቼም አደራ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወይዘሮ ኤልዳና አደራ በላ እንዳይሆኑ ይጨነቃሉ።

ከትናንት በስቲያ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። የልጅቱ እግር።

ቤቱ ይበርዳል። ማሽኖቹ ሙቀት አይወዱም ይባላል። በሽተኞቹ አንዲት ስስ አንሶላ ጣል ተደርጎባቸው ነው የሚተኙት። ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ሰደድ አድርገው የአስካለን እግር ሲነኩት በረዶ ሆኖ አገኙት። ጉልበቷም ቀዝቅዟል። “በዚህ ላይ ብርድ ከገባባትማ አለቀልኝ” አሉ። ለአልጋው ነገሩት። አልጋው በዚያ በለሰለሰ የሴት ድምፁ፣ “የክፍሉ ሙቀት ትክክለኛ ነው፤ እናመሰግናለን” አላቸው።

ስለዚህ ትናንት ጠዋት ሲመጡ ድርቡን ጋቢ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ከላይ ካፖርቱን ደረቡበት። በሩ አሸተታቸው። ውኃ የለም፣ ምግብ የለም። አሳለፋቸው።

አስታማሚ በሽተኛውን ሲያጥብ አልጋው መመዘኑን ያቆማል፣ ከጣራው የሚመለከተው ዓይንም ይጨፈናል፤ ለበሽተኛው ክብር ሲባል የተደረገ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና ልጅቱን አጥበው ሲጨርሱ ጋቢውን ከጭኗ ጀምረው እስከ እግር ጣቶቿ ጠቀለሉላት፤ አንሶላውን መልሰው አለበሷት። ከዚያ እንደ ወትሮው ጥያቄው መጣ።

“በአልጋው ላይ የተጨመረ ነገር አለ?”

“የለም” አሉ።

“እናመሰግናለን።”

ያን ጊዜ ደስ አላቸው፤ እግሯ ሲሞቅ በዓይነ ሕሊናቸው ታያቸው። እንደውም ከዚያ በኋላ የሽንት ከረጢቷ ሞላ፤ ተለውጦ እንደገና ሞላ። “ብርድ ነበር የያዛት፣ አላልኩም!” ብለው ለአጠገባቸው አስታማሚ ነገሩ። ጋቢውን ግን አልነገሩም።

የአጠገባቸው አስታማሚ ሂክማ ትባላለች፤ ባሏን እንድሪስን ነው የምታስታምመው። ከወይዘሮ ኤልዳና ታንሳለች፣ ቤቱን ግን ከእሳቸው በፊት ነው የለመደችው። የአልጋውን ጠባይ እንደ ጎረቤት ጠባይ ታውቀዋለች።

ዛሬ ከሰዓት ሂክማ ቀና ስትል ወይዘሮ ኤልዳና ልጅቱ ላይ ጎንበስ ብለው እንባቸውን ሲያረግፉ አየቻቸው።

“ኧረ እትዬ፣ እንባዎን ወዲህ ያፍስሱት። እዚያ ላይ ከወረደ በልጅቷ ይቆጠርባታል።”

“አንቺ ደግሞ በዚህም ትቀልጃለሽ?”

“ካልቀለድኩማ እኔም ማሽን ሊያስፈልገኝ ነው። ምን ሆኑ?”

ወይዘሮ ኤልዳና በጣታቸው ከረጢቱን አሳዩአት። ትናንት ጥሩ ውኃ ይመስል የነበረው ሽንት ጠዋት ላይ የሻይ ቅጠል ቀለም ይዞ ነበር። ከዚያ እየቀጠነ መጣና ቆመ። አሁን ጠብ የሚል የለም።

“አልጋው ምን አለ?” አለች ሂክማ።

“ትርፍ ውኃ እያስወገድን ነው ይላል። የሚያሸና መድኃኒት ሰጣት፣ ደገማት። አሁን ደግሞ ማጣሪያ ይዘጋጃል አለ። ማጣሪያ ምንድን ነው? ኩላሊት ነው?”

ሂክማ ተነስታ ከአስካለ ራስጌ ያለውን ሰሌዳ አየች። ወይዘሮ ኤልዳናም ማንበብ ይችላሉ፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። ግን ሰሌዳውን ማየት ይፈራሉ፤ አንዱን ቁጥር ተረድተው ሳይጨርሱ ይለወጥባቸዋል። አሁን ከሂክማ ትከሻ ጀርባ ሆነው አነበቡት። *ክብደት፦ ጨምሯል። ምክንያት፦ የተጠራቀመ ውኃ።*

“ሳትበላ ሳትጠጣ በምን ከበደች?” አሉ።

“በውኃ ነዋ። ይኸው ይላል። ወደ ሁለት ሊትር። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው።” ሂክማ ግንባሯን ቋጠረች። “የሚገርመው ከትናንት ወዲህ እግሯን አላነሳላትም።”

ይህን ወይዘሮ ኤልዳናም አስተውለውት ነበር። አልጋው ወትሮ በየጊዜው ከወገብ በታች እየታጠፈ የበሽተኞቹን እግር ወደ ላይ ያነሳል። መጀመሪያ ያዩ ዕለት ልጅቱን ሊጥላት መስሏቸው ጮኸዋል። ሂክማ ናት ያስረዳቻቸው። “ከራሷ እግር ደም ተበድሮ ለልቧ ያቀምሳታል። ልቧ በርታ ብላ ከመታች ውኃ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ዝም ካለች፣ ይበቃታል፣ የተረፈው ሳንባዋን ነው የሚያሰምጠው።” ከትናንት ወዲህ አልጋው እግሯን ሳያነሳ ሲቀር ወይዘሮ ኤልዳና እሰይ ነበር ያሉት፤ ጋቢው እንዳይንሸራተት።

“ለምን አያነሳላትም?” አሉ።

“በልጅቷ ላይ ውኃ ሞልቶ ካየ ምን ይጠይቃታል? የጠገበን ሰው ብላ አይባል።”

ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ወደ አንሶላው ሰደዱ። ድርብ ጋቢ ነው፤ ደሴ ያሠሩት። ሲታጠብ ለብቻቸው ጨምቀውት አያውቁም፣ ደረቁን እንኳ ከሳጥን ሲያወጡት በሁለት እጃቸው ነው። ሁለት ሃይላንድ ውኃ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

“ሂክማዬ፣ ገደልኳት።”

በሹክሹክታ ነገሯት። ሂክማ እየሰማች ዓይኗን ከአንሶላው ላይ አልነቀለችም።

“አልጋው ሲጠይቅዎት ምን አሉት?”

“የለም አልኩት።”

“ወላሂ፣ እትዬ…”

“አወጣዋለሁ። አሁኑኑ ላውጣው፤ ማንም ሳያይ።” ተነስተው አንሶላውን ያዙ። ሂክማ አንጓቸውን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻቸው፤ አሳመማቸው።

“እንዳይነኩት! እዚህ በግራ በኩል አንድ ሰውዬ ነበር። ሚስቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ ሲጸልይ ዋለ። ሲነሳ አልጋው ምን አሰበ? ሴትዮዋ ድንገት ቀለለች፤ ደም ፈሰሳት አለና ውኃውን ለቀቀባት። ሳንባዋ ሞላ። በአፏ አረፋ ነው የወጣው። እርስዎ ይህን ሁለት ሊትር አሁን ቢያነሱባት፣ እሱ ሁለት ሊትር ያፈስባታል።”

ወይዘሮ ኤልዳና አንሶላውን ለቀቁ። ቢተዉት ልጅቱ ትደርቃለች። ቢያነሱት ትሰምጣለች። ጋቢ እኮ ነው! ሕፃን ሆና በጀርባቸው ሲያዝሏት ያለበሷት ዓይነት ጋቢ።

“ይንገሯቸው” አለች ሂክማ፣ ቀስ ብላ። “ሌላ የለውም።”

“ከነገርኩ ያስወጡኛል።”

“ያስወጡዎታል።”

“ያለ አስታማሚ ደግሞ አልጋ የለም።”

የእንድሪስ ማሽን ፉት፣ ፉት ይላል። የአስካለ ፊት ነጥቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከንፈር ማርጠቢያዋ ጥጥ እንኳ ተመዝና ገብታ ተመዝና ነው የምትወጣው። ወይዘሮ ኤልዳና ጥጧን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ ከአልጋው ጎን ያለውን ቁልፍ ተጫኑ።

“ምን እንርዳዎት? ሕመም፣ ጽዳት፣ ወይስ መረጃ ማረም?”

“መረጃ… መረጃ ማረም።”

“የተሳሳተ መረጃ የሰጠ አስታማሚ ፈቃዱ ይሰረዛል። ይቀጥሉ?”

ወይዘሮ ኤልዳና በሕይወታቸው ከቀበሌ ሊቀመንበር እስከ ቄስ ብዙ ሰው ተለማምጠዋል። ይህን ድምፅ ግን በምን እንደሚለማመጡት አያውቁም። “እባክህ” ይባላል ወይስ “እባክሽ”?

“ይቀጥል” አሉ። “እግሯ ላይ ጋቢ አለ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው። ውኃ አይደለም፣ ጋቢ ነው። ሰማህ? ሰማሽ? ውኃዋን መልሱላት!”

“መረጃው ለክለሳ ተልኳል። አልጋው ለጊዜው ውሳኔ አይሰጥም። እናመሰግናለን።”

ክንዳቸው ላይ ያለችው አምባር ግራጫ ሆነች።

ሲስተር ትርንጎ እየሮጠች መጣች። ለመላው ፎቅ ነርስ እሷ ብቻ ናት። ከኋላዋ በግድግዳው መስታወት ላይ የዶክተር ኡጁሉ ፊት ብቅ አለ፤ ጋምቤላ ተቀምጦ የስምንት ከተማ አልጋዎችን የሚጠብቅ፣ ዓይኑ የቀላ ጎልማሳ ሐኪም ነው።

“አልጋውን ከሚዛን አውጪው፣ ከዚያ ግለጪ” አለ።

ሲስተር ትርንጎ አንሶላውን ገልጣ ጋቢውን ስትፈታ የአስካለ ጉልበት ታየ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዥንጉርጉር ነገር ከጉልበቷ እስከ ጭኗ ወጥቷል።

“እናቴ፣ ይህን እኮ ነው ከጣራ ያለው ዓይን ማየት የነበረበት” አለች ሲስተር። ቁጣ አልነበረባትም፤ ለቁጣ ጊዜ ያላት አትመስልም። “ሸፈኑበት።”

“በርዷት ነበር፣ ልጄ።”

“በርዷት ነበር፤ ልክ ነዎት። ደሟ ወደ እግሯ አልደርስ ብሎ ነው የቀዘቀዘችው። በጋቢ አይሞቅም።”

የልጅቱን ጥፍር ተጭና ለቀቀች። የነጣው ቶሎ አልቀላም። ዶክተሩ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

“እግሯን በእጅ ማንሳት አለብን” አለ። “አልጋው ክለሳ ላይ ስለሆነ አይታጠፍም። ሲስተር፣ አንቺ የደም ግፊቷን ተከታተዪ። እግሯን የሚይዝ ሰው ይምጣ።”

ሂክማ አንዱን እግር ያዘች። ሌላውን ማን ይያዝ? የወይዘሮ ኤልዳና አምባር ግራጫ ናት፤ ሕጉ በሽተኛ እንዳይነኩ ይላል። ሲስተር ትርንጎ አምባሯን አየች፣ ዶክተሩን አየችው። ዶክተሩ ሌላ ነገር የሚያነብ መሰለ።

“ያዙ፣ እናቴ” አለች። “ቀጥ አድርገው። እንዳይንቀጠቀጡ።”

ወይዘሮ ኤልዳና ያንን በረዶ የሆነ እግር ተረከዙን በመዳፋቸው አቅፈው ወደ ላይ አነሱት። ከባድ ነበር። ሕፃን ሳለች ይህንኑ ተረከዝ እየሳሙ ያስቋት ነበር። ትከሻቸው ተቃጠለ፣ ክንዳቸው ዛለ፤ አልለቀቁም።

“ጨመረ” አለች ሲስተር ትርንጎ። “ዶክተር፣ መስመሩ ወጣ። ልቧ መልሳለች።”

“አየሁት። አውርዱት።”

“እሰይ! እሰይ ተመስገን!” አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። “እንግዲህ ውኃ ይሰጣታላ?”

ዶክተር ኡጁሉ ቀና ብሎ፣ “እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት?” አለ።

“ይንገሩኝ እንጂ፣ ዶክተር።”

“ልቧ እሺ ብላለች። ሳንባዋ ግን አልተጠየቀም። ያ ሳንባ የተቀደደ ጆንያ ነው፣ የሰጡትን አይዝም። ውኃ ብነሳት ኩላሊቷ ይሞታል። ብሰጣት ሳንባዋ ሊሰምጥ ይችላል። ከጋቢው በፊት ቢሆን አልጋው ጠብ እያደረገ ይለካላት ነበር። አሁን የትናንቱን ሁሉ ስለማያምን ለእኔ ትቶታል። እኔ ደግሞ…” አላበቃውም። “ትንሽ እንሰጣታለን። የሚያሸናውን እናቆማለን። ከሸናች ኩላሊቷ ተርፏል። ትንፋሿ ከከበደ ግን ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናውቃለን።”

“በግምት ነው?” አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

“በግምት ነው፣ እማማ።”

ውኃው መውረድ ጀመረ። በዚያው ቅጽበት አልጋው ተናገረ፤ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ።

“ይህ በሽተኛ አስታማሚ የለውም። ምትክ ይመዝገብ። አለበለዚያ አልጋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል።”

ሂክማ እጇን በካፖርቷ ጠረገች።

“እኔ አለሁ” አለች።

“ሁለት በሽተኛ ማስታመም የሚፈቀደው ለዘመድ ብቻ ነው። የዝምድናው ዓይነት?”

“የጡት ልጄ ናት።”

ወይዘሮ ኤልዳና ቀና አሉ። ሂክማ ወደ እሳቸው አላየችም።

“ምስክር?” አለ አልጋው።

ዶክተር ኡጁሉ መስታወቱ ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሲስተር ትርንጎ የውኃውን ከረጢት እያስተካከለች ቆየች። “ትርንጎ አሊ፣ ነርስ” አለች በመጨረሻ፣ ዘወር ሳትል። “እመሰክራለሁ።”

“ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።”

ወይዘሮ ኤልዳና የሂክማን ክንድ ያዙ። “ምን ማድረግሽ ነው?” አሉ በጆሮዋ። “ደግሞ ሌላ ውሸት! በአንዱ ምን እንዳመጣሁ እያየሽ?”

“ይሄኛው አይመዝንም፣ እትዬ” አለች ሂክማ። “ይሂዱ፣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቅዎታል።”

በሩ እውነትም ተከፍቶ ነበር። ሲወጡ ከኋላቸው ተዘጋ፤ እጃቸውን አስጠግተው ቢሞክሩትም አልከፈተላቸውም።

ከበሩ ውጭ የመስታወት በረንዳ አለ። ተራ የሚጠብቁ፣ ፈቃዳቸው የተሰረዘ፣ አልጋ ያላገኙ በሽተኞች ዘመዶች ሁሉ እዚያ ይቀመጣሉ። መስታወቱ ያሳያል፣ ድምፅ አያሳልፍም። ወይዘሮ ኤልዳና ቦታ አግኝተው ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉት አዛውንት ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው፤ ነገሯቸው። አዛውንቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ለጎረቤታቸው ነገሩ፤ ያም ለሌላው። ጥቂት ቆይቶ በረንዳው ሁሉ የአስካለን ሽንት የሚጠብቅ ሆነ።

“የእኔም አባት እንዲሁ ቆሞበት ነበር” አለች አንዲት ሴት። “በኋላ ግን ወረደ።”

“ዳነ?”

ሴትየዋ ሻርፗን አስተካከለች። “ወረደ፣ ብያለሁ።”

ፀሐይ ወደ ቦርከና ሸለቆ ዘቅዘቅ ስትል ሂክማ በመስታወቱ ማዶ ብቅ አለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ማን ይሰማታል። በእጇ አሳየች፤ አልገባቸውም። እንደገና አሳየች። ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ይሁን ትዕግሥቷ አልቆ፣ ያቺ ጨዋ ሴት፣ ነጭ ካፖርቷን በሁለት እጇ ሰብስባ ቁጢጥ አለች።

“ሸናች!” አሉ አዛውንቱ። “ልጅቷ ሸናች!”

በረንዳው በእልልታ ተናጋ። የማያውቋቸው ሰዎች ወይዘሮ ኤልዳናን አቅፈው ሳሟቸው። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ጣራው ላይ ያለው ድምፅ ጸጥታ እንዲጠበቅ ጠየቀ፤ ማንም አልሰማውም።

ወይዘሮ ኤልዳና ግን እልል አላሉም። ከእቅፋቸው ወጥተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሂክማን አዩአት። ትንፋሿስ?

ሂክማ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ዞር ብላ ወደ አስካለ አልጋ አየች፤ ቆየች። ከዚያ መዳፏን በአየር ላይ ዘረጋችና ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው። ቀስ አድርጋ አወረደችው። ዓይኗን ከልጅቱ ደረት ሳትነቅል፣ እንደገና አነሳችው፣ አወረደችው። ወይዘሮ ኤልዳና እጇ ሲነሳ አየር ሳቡ፣ ሲወርድ ተነፈሱ። ግንባራቸው መስታወቱን ነክቷል። እጇ አንዳንዴ ዘግየት ይላል፤ ያኔ እሳቸውም ይዘገያሉ። ከኋላቸው እልልታው አንድ በአንድ በረደ፤ ሰው ሁሉ ያንን እጅ ማየት ጀመረ።

ከዚያ የእንድሪስ አልጋ ሳይጠራት አልቀረም። ሂክማ ድንገት ወደ ባሏ ዞረች። እጇ እንደተነሳ ከመስታወቱ ፊት ጠፋ።

ወይዘሮ ኤልዳና የሳቡትን አየር ይዘው ቆሙ፤ እጇ እንዲወርድ እየጠበቁ።